የወተት ማቀነባበሪያ ዕቃን በአገር ውስጥ ብረት ሥራ ቤት ማሠራት፦ ለድሬዳዋ አነስተኛ አምራቾች የተዘጋጀ የአሠራር መመሪያ

ይህ መመሪያ የተጻፈው በድሬዳዋና በአካባቢዋ የላም ወይም የግመል ወተት ተረክበው፣ በሙቀት አክመው፣ አሽገው ወይም እርጎ አድርገው ለመሸጥ ለተነሡ አነስተኛ አምራቾች ነው። በተለይም ዕቃውን ከውጭ ከማስመጣት ይልቅ እዚሁ ከተማ ባለ የብረታ ብረት ሥራ ቤት ለማሠራት የወሰኑትን ይመለከታል። ከባቡር ሐዲዱ ወርክሾፕ ጋር የገባው የብረት ሥራ ሙያ ከከተማዋ ስላልጠፋ ጎበዝ በያጅ ማግኘት ከባድ አይደለም። ከባዱ ነገር ለበያጁ የሚፈለገውን በትክክል መንገር ነው። የበር ፍርግርግና የውሃ ታንከር ሲሠራ የኖረ ባለሙያ የምግብ ዕቃም በጥንካሬው ብቻ የሚመዘን ስለሚመስለው፣ ዕቃው የማያፈስና የማይሰበር ከሆነ ሥራውን እንደጨረሰ ይቆጥረዋል።

የምግብ ዕቃ ግን የሚመዘነው ታጥቦ በመጽዳቱ ነው። ከገጠር ወደ ገበያ የግመል ወተት ብዙ ጊዜ የሚመጣበትን ቢጫ ጄሪካን እንመልከት። አፉ ጠባብ በመሆኑ እጅም ብሩሽም አይገባበትም፣ እጀታው ውስጡ ክፍት በመሆኑ ወተት ይቀርበታል፣ ሲጫር ደግሞ ጭረቱ በዓይን አይታይም። ባለቤቷ የቱንም ያህል ትጉህ ብትሆን የማይታየውንና የማይደረስበትን ቦታ ልታጸዳ አትችልም፤ ጥፋቱም የአጣቢዋ አይደለም፣ የዕቃው ቅርጽ ነው። በድሬዳዋ ሙቀት በአንድ ስንጥቅ ውስጥ ያደረ ጥቂት ወተት በማግሥቱ የሚገባውን ወተት ሁሉ ለመበከል ይበቃል። ስለዚህ ከዚህ በታች ያለው ሁሉ የሚያርፈው በአንድ ጥያቄ ላይ ነው፦ ወተት የሚነካው ቦታ ሁሉ ይታያል ወይ፣ እጅ ወይም የእጥበት ውሃ ይደርስበታል ወይ፣ ታጥቦስ ሙሉ በሙሉ ይፈስሳል ወይ?

ከንድፉ በፊት፦ ዕቃውን በሦስት ቦታ መክፈል

በመጀመሪያ ደረጃ ሊሠራ የታሰበውን ዕቃ በወረቀት ላይ አውጥተው ገጽታዎቹን በሦስት ይክፈሉ። አንደኛው ወተቱ በቀጥታ የሚነካው ገጽ ነው። ወደ ወተቱ ተመልሶ ሊንጠባጠብ የሚችል ቦታም፣ ለምሳሌ የክዳኑ ውስጠኛ ክፍልና የማማሰያው ዘንግ፣ ከዚሁ ይቆጠራል። ሁለተኛው ፍንጣቂ የሚያርፍበት ውጫዊ ገጽ ሲሆን፣ ሦስተኛው እንደ እግርና እንደ ሞተር መደገፊያ ያለው ከምግቡ የራቀ ክፍል ነው። የሚቀጥሉት ጥብቅ መስፈርቶች በዋነኛነት የመጀመሪያውን ይመለከታሉ። ልዩነቱን ቀድሞ ማስቀመጥ ገንዘብ ያድናል፤ እግሩን እንደ መስተዋት ማስወልወል ጥቅም የለውም።

መስፈርቶቹ ከየት እንደመጡ ማወቅ ለሚፈልግ፣ አይ ኤስ ኦ 14159 የተባለው ደረጃ እ.ኤ.አ. በ2002 የወጣ ሲሆን የማሽነሪን የንጽህና ንድፍ ይመለከታል፤ በአውሮፓ ኢ ኤን 1672-2 የተባለው የምግብ ማሽነሪ ደረጃ አለ። እ.ኤ.አ. በ1989 የተመሠረተው የአውሮፓ የንጽህና ምሕንድስናና ንድፍ ቡድን እና በአሜሪካ የወተት ዘርፍ የሚሠራበት ስሪ-ኤ የተባለው ደረጃ ደግሞ ወደ ዝርዝር መለኪያ ይገባሉ። ኮዴክስ አሊሜንታሪየስ የተባለው ዓለም አቀፍ የምግብ ደረጃ አውጪ አካል ያወጣው የምግብ ንጽህና አጠቃላይ መርሆም ዕቃዎች ሊጸዱ፣ በፀረ ተሕዋስ ሊታከሙና ሊጠገኑ በሚችሉበት መንገድ እንዲሠሩ ይጠይቃል። በአገራችን ሥራው የሚገዛው በምግብና መድኃኒት አስተዳደር አዋጅ ቁጥር 1112/2011 ነው። ለአነስተኛ አምራች እነዚህን ሰነዶች ሁሉ መግዛት አስፈላጊ አይመስለኝም፤ ዋና ዋናዎቹ መለኪያዎች ተቀራራቢ ናቸውና ከዚህ በታች ያሉትን በውሉ ላይ ማስጻፍ ይበቃል።

ብረቱን መምረጥና ማረጋገጥ

ወተት ለሚነካው ክፍል ስቴንለስ ቁጥር 304 ይታዘዝ። ይህ ብረት 18 በመቶ ገደማ ክሮምየምና ቢያንስ 8 በመቶ ኒኬል ያለበት ነው። ጨው ለሚበዛበት ሥራ፣ ለምሳሌ በጨው ውሃ ውስጥ ለሚቀመጥ አይብ፣ ከ2 እስከ 3 በመቶ ሞሊብዲነም የተጨመረበት ቁጥር 316 ይሻላል፤ ጨውና በረኪና 304ን እየወጉ ጥቃቅን ጉድጓድ ያበጁበታልና። ዚንክ የተቀባ ላሜራ፣ መዳብ፣ ነሐስ፣ በእርሳስ የተጣበቀ መገጣጠሚያ፣ ቀለም የተቀባ ብረትና እንጨት ወተት በሚነካ ቦታ አይገቡም። አሉሚኒየም ለወተት ማመላለሻ የተለመደ ቢሆንም ኮስቲክ ሶዳ ስለሚበላው በሶዳ ለሚታጠብ ማቀነባበሪያ አይሆንም።

ገበያ ላይ 304 ተብሎ የሚሸጠው ሁሉ 304 አይደለም። ብዙ ሰው በማግኔት ይፈትናል፤ ማግኔት አጥብቆ ከያዘው ብረቱ ቁጥር 430 የተባለው ሌላ ስቴንለስ ወይም ተራ ብረት ሊሆን ስለሚችል ፈተናው ከንቱ አይደለም። ሆኖም ሁለት ነገር መታወቅ አለበት። ርካሹ የ200 ተከታታይ ስቴንለስም እንደ 304 ማግኔት አይይዘውም፤ በኒኬል ፋንታ ማንጋኒዝ የበዛበት ስለሆነ ግን በቶሎ ይዝጋል። በሌላ በኩል እውነተኛው 304ም በታጠፈበት ቦታ ላይ ማግኔት በመጠኑ ሊስብ ይችላል። ስለዚህ ከላሜራው ጋር የመጣውን የፋብሪካ ሰርተፍኬት ይጠይቁ፣ በላዩ ያለው ቁጥር በላሜራው ላይ ከታተመው ጋር አንድ መሆኑን ያመሳክሩ። ሰርተፍኬት ከሌለ በላሜራው ላይ ጠብ ተደርጎ ማንጋኒዝ የበዛበትን በቀለም የሚለይ የመፈተሻ ፈሳሽ ያስፈልጋል።

የገጹ ልስላሴ የሚለካው በማይክሮ ሜትር ሲሆን፣ ምግብ ለሚነካ ገጽ የተለመደው ወሰን አማካይ ሻካራነቱ ከ0.8 ማይክሮ ሜትር እንዳይበልጥ ነው። ደስ የሚለው ነገር ከፋብሪካ 2ቢ በሚባል አጨራረስ የሚወጣው ላሜራ ከዚህ ወሰን በታች ሆኖ ይመጣል። ብዙ ጊዜ የሚያበላሸው በኋላ የሚደረገው ፍተጋ ነው፤ «ለማሳመር» ተብሎ በሻካራ ዲስክ የተፈተገ ላሜራ ከመጀመሪያው የባሰ ይሆናል። ስለዚህ የመከላከያ ፕላስቲኩ ሥራው እስኪያልቅ ከላሜራው ላይ እንዳይነሣ ያዝዙ።

ቅርጹን መወሰን

የሚከተሉት መለኪያዎች በንድፉ ላይ በቁጥር ይጻፉ፤ «በደንብ ይሠራ» የሚል ቃል ለበያጁ ምንም አይነግረውም። የውስጥ ማዕዘኖች ሁሉ ክብ ይሁኑ። የሚመረጠው 6 ሚሊ ሜትርና ከዚያ በላይ ሬዲየስ ሲሆን ከ3 ሚሊ ሜትር በታች መውረድ የለበትም። ይህን ለማግኘት ቀላሉ መንገድ ማዕዘኑ ላይ ሁለት ላሜራ ከመበየድ ይልቅ ላሜራውን አጥፎ ብየዳውን ወደ ጠፍጣፋው ገጽ ማምጣት ነው። የታንከሩ ወለል ወደ መውጫው ቢያንስ 3 ዲግሪ ያዘንብል፤ ይህም በ1 ሜትር ርዝመት 5 ሴንቲ ሜትር ገደማ ቁልቁለት ማለት ነው። አግድም የተዘረጋ ቱቦም በ1 ሜትር ቢያንስ 1 ሴንቲ ሜትር ዝቅ ይበል። መብራት በእጥበት መሐል ሲጠፋና ፓምፑ ሲቆም፣ በራሱ ክብደት የማይወርድ ውሃና ወተት ባለበት ተኝቶ ይቀራል፤ ይህ እዚህ አገር እንግዳ ነገር አይደለም።

ክዳኑ ከመሐል ከፍ ብሎ ወደ ዳር ያዘንብል፣ ጠርዙም ወደ ታች ታጥፎ የታንከሩን አፍ ከውጭ ይሸፍን፤ እንዲህ ከሆነ በላዩ ያረፈ ውሃና አቧራ ሲከፈት ወደ ወተቱ አይገባም። ማጠፊያው ተነቅሎ የሚወጣ ይሁን። የማማሰያው ሞተር ከወተቱ በላይ ከተቀመጠ ከሥሩ የዘይት መቀበያ ሳህን ይደረግለት፣ ለማርሹና ለኩሽኔታውም ለምግብ ማሽነሪ የተፈቀደ፣ በማሸጊያው ላይ ኤች 1 ወይም አይ ኤስ ኦ 21469 የሚል ምልክት ያለው ግራሶ ብቻ ይግባ። ወተት በሚነካ ቦታ ላይ ብሎንና ዳዶ አይታዩ። የግድ ከሆነ ጥርሱ ተሸፍኖ ጭንቅላቱ ድቡልቡል የሆነ ዳዶ ከጋስኬት (በመገጣጠሚያ መካከል ከሚገባ ማሸጊያ ጎማ) ጋር ይደረግ።

እግሮቹ ዕቃውን ከወለሉ ቢያንስ 15 ሴንቲ ሜትር ከፍ ያድርጉት። ለእግርና ለመደገፊያ ክብ ቱቦ ከቱቦላሬ ይሻላል፤ ቱቦላሬ ከሆነ ደግሞ ጠፍጣፋው ፊት ላይ ውሃ እንዳይቆም በማዕዘኑ ዞሮ ይቀመጥ። የቱቦው ሁለቱም ጫፍ በብየዳ ይደፈን፤ በፕላስቲክ ውታፍ የተደፈነ ወይም ለብሎን የተበሳ ቱቦ ውስጡ ውሃ ይገባና በረሮ ይፈለፍልበታል።

ብየዳውን መቆጣጠር

ጥሩ ንድፍ በብዛት የሚበላሸው እዚህ ላይ ስለሆነ ባለቤቱ በሥራው ቀን ቆሞ ማየት ይገባዋል። ወተት የሚነካው ብየዳ ሁሉ በአርገን ጋዝ በሚሠራ ቲግ ብየዳ ይሠራ። ላሜራዎቹ ጫፍ ለጫፍ ገጥመው ይበየዱ እንጂ አንዱ በአንዱ ላይ አይደረብ፤ በተደራረቡ ላሜራዎች መካከል የሚቀረው ክፍተት ለዘለዓለም አይታጠብም። ብየዳው ያልተቋረጠ ይሁን። እዚህም እዚያም ነካ ነካ ተደርጎ በመካከሉ ያለው በሲሊኮን የተደፈነ መገጣጠሚያ ሲታይ የሚያምር ቢሆንም ተቀባይነት የለውም።

ብዙ በያጆች የሚዘሉት ነገር የጀርባው ጋዝ ነው። ቱቦ ከውጭ ሲበየድ ውስጡ አርገን ካልተሞላ፣ የቀለጠው ብረት ከአየር ጋር ተገናኝቶ በውስጥ በኩል ጥቁርና ሻካራ ፍርፋሪ ያበጃል፤ ወተቱ የሚሄደው ደግሞ በዚያ በኩል ነው። የቱቦውን ሁለት ጫፍ በካርቶንና በፕላስተር ደፍኖ በአንደኛው በኩል አርገን ማስገባትና በሌላው በኩል ትንሽ መውጫ መተው ይበቃል። ጋዝ ይባክናል ብለው ቢያጉረመርሙ፣ የጋዙን ዋጋ ለብቻው እንደሚከፍሉ በውሉ ላይ ያስፍሩ። ውጤቱን በቀለሙ መለየት ይቻላል፦ ፈዛዛ የገለባ ቀለም ደህና ነው፤ ሰማያዊ፣ ወይን ጠጅ ወይም ጥቁር ከሆነ ግን በዚያ ቦታ ብረቱን ከዝገት የሚጠብቀው ስስ ሽፋን ተጎድቷል ማለት ነው።

በታንከሩ ውስጥ ያለው ብየዳ ከላሜራው ጋር እኩል እስኪሆን ይፈተግ፣ ከዚያም በየደረጃው እየለሰለሰ ሄዶ ቢያንስ ቁጥር 150 በሆነ የብርጭቆ ወረቀት ይጨረስ። በተራ ብረት ላይ የሠራ ዲስክ ወይም የሽቦ ብሩሽ ስቴንለስ ላይ እንዳይነካ ይከልክሉ፤ የተራው ብረት ብናኝ ተጣብቆ ይቀርና በሳምንት ውስጥ ቀይ ነጥብ ያወጣል፣ ሰውም «ስቴንለስ ይዝጋል እንዴ» ይላል። በመጨረሻ ከ4 እስከ 10 በመቶ የሆነ የሲትሪክ አሲድ ውሁድ በተፈተገው ገጽ ላይ ሳይደርቅ ቢያንስ 20 ደቂቃ እንዲቆይ ተደርጎ በብዙ ውሃ ይታጠብ። ይህ የብረቱን መከላከያ ሽፋን ይመልሳል። የብየዳን ቃጠሎ በፍጥነት የሚያነሣው ፔስት ግን ሃይድሮፍሎሪክ አሲድ ያለበት ስለሆነ እጅግ አደገኛ ነው፤ ሙሉ መከላከያና ሥልጠና በሌለበት ሥራ ቤት እንዲነካ አልመክርም።

መውጫ፣ ቱቦ፣ ቫልቭና ፓምፕ

ወተቱ በታንከር ውስጥ በ63 ዲግሪ ሴንቲ ግሬድ ለ30 ደቂቃ የሚታከም ከሆነ፣ ትልቁን ትኩረት ለመውጫው ይስጡ። ከታንከሩ ወለል እስከ ቫልቩ 20 ሴንቲ ሜትር ቱቦ ካለ፣ በዚያ ቱቦ ውስጥ የሚተኛው ወተት ሳይማሰልና ሳይሞቅ ይቀርና ሲከፈት ከታከመው ወተት ጋር ይቀላቀላል። ያ ጥሬ ወተት የሠላሳ ደቂቃውን ድካም ከንቱ ያደርገዋል። ስለዚህ ቫልቩ ከወለሉ ጋር ተጣብቆ ይገጠም።

በውሃ ዕቃ መደብር የሚገኘው ቦል ቫልቭ ለወተት አይሆንም፤ ሲዘጋ በኳሱ ቀዳዳና በዙሪያው ባለው ክፍተት ወተት ቆልፎ ያስቀራል። በምትኩ የቢራቢሮ ቫልቭ ወይም በቀላሉ ተፈትቶ የሚታጠብ ሌላ የወተት ቫልቭ ይግዙ። መገጣጠሚያዎቹ በትራይ ክላምፕ፣ ማለትም በእጅ በሚፈታ ማሰሪያ ቀለበት፣ የሚያዙ ይሁኑ እንጂ ጥርስ ወጥቶላቸው በቴፍሎን ፕላስተር አይጠበቁ። ለወተትና ለቅቤ ጋስኬቱ ከሲሊኮን ወይም ከናይትራይል ጎማ ይሁን፤ ኢ ፒ ዲ ኤም የተባለው ጎማ ሶዳን ቢቋቋምም ስብ ያሳብጠዋል። በቱቦው ላይ ቅርንጫፍ ካለ፣ ለምሳሌ ቴርሞሜትር የሚገባበት፣ ርዝመቱ ከራሱ ስፋት አይብለጥ።

ቱቦውን ሳይፈቱ በፓምፕ ለማጠብ ካሰቡ ሒሳቡን ቀድመው ይሥሩ። ውሃው ቱቦውን አሽቶ እንዲያጸዳ በሰኮንድ ቢያንስ 1.5 ሜትር መፍሰስ አለበት፤ ውስጡ 35 ሚሊ ሜትር ለሆነ ቱቦ ይህ በደቂቃ 87 ሊትር ገደማ ይሆናል። ያለዎት ፓምፕ ይህን ካላወጣ «በዝግ ዑደት እናጥባለን» ማለት ራስን ማታለል ነው፤ ቱቦውን አጭር አድርጎ በየቀኑ እየፈቱ በብሩሽ ማጠብ ይሻላል። ለአነስተኛ አምራች እኔ የምመርጠውም ይህንኑ ነው። ፓምፑ በገመድ የሚታሸግ ሳይሆን ሜካኒካል ሲል የተባለው የዘንግ ማሸጊያ ያለው፣ ፊቱም ያለ ልዩ መሣሪያ የሚከፈት ይሁን። የተዘጋ ማሽን ምን ሊደብቅ እንደሚችል ለማየት እ.ኤ.አ. በ2008 በካናዳ የሆነውን ማስታወስ ይበቃል፦ በሥጋ መቁረጫ ማሽኖች ውስጥ ጠልቆ የተጠራቀመ ሊስቴሪያ የተባለ ተሕዋስ ከ20 በላይ ሰዎችን ገድሏል፤ ማሽኖቹ ግን በየጊዜው ይታጠቡ ነበር።

ኦቾሎኒም ለሚፈጩ

ከወተቱ ጎን የባቢሌን ኦቾሎኒ ቆልተው ፈጭተው የሚሸጡ አምራቾች ስላሉ ጥቂት ልበል። እዚህ ሕጉ ይገለበጣል፤ በደረቅ ሥራ ጠላቱ ውሃው ነው። ሳልሞኔላ የተባለ ተሕዋስ በደረቅና ቅባት ባለበት ምግብ ውስጥ ሳይራባ ለብዙ ወራት ይቆያል፣ ውሃ ያገኘ ቦታ ላይ ግን ይባዛል። እ.ኤ.አ. በ2008 እና በ2009 በአሜሪካ ከኦቾሎኒ ምርት ጋር በተያያዘ ወረርሽኝ ከ700 በላይ ሰዎች ታመው 9 ሰዎች ሞተዋል። ስለዚህ ወፍጮው በብሩሽና በአቧራ መሳቢያ እንዲጸዳ ሆኖ ይሠራ፦ መፍጫው በእጅ ይከፈት፣ ዱቄት የሚያርፍባቸው አግድም ጠርዞች አይኑሩት፣ ቺንጋውም ከማስገቢያው በላይ አይለፍ። ጥሬው ኦቾሎኒ ከተቆላው በግድግዳ ይለይ፣ የሁለቱ ብሩሽና አካፋም አይቀላቀል። አፍላቶክሲን የተባለው የሻጋታ መርዝ ከዕቃው ንድፍ ይልቅ ከአደራረቅና ከማከማቻ የሚመጣ ስለሆነ እዚህ አላነሣውም።

ርክክብ

ከክፍያው ጉልህ የሆነ ድርሻ እነዚህ ፈተናዎች እስኪያልፉ እንዳይከፈል በውሉ ላይ ይጻፍ። በመጀመሪያ ታንከሩን በተቀመጠበት ሁኔታ በውሃ ሞልተው ይክፈቱት፤ ከፈሰሰ በኋላ በወለሉ ላይ የተኛ ኩሬ ካለ ቁልቁለቱ ይስተካከል። ቀጥሎ ጣትዎን በብየዳው ሁሉ ላይ ያሳልፉ፣ በእጅ ባትሪም ገጹን ከጎን እያበሩ ይዩ፤ ብርሃን ከጎን ሲወድቅ ፊት ለፊት የማይታየው ጉድጓድ ጥላ ያወጣል። ከውስጥ ለማይታየው ቱቦ በስልክ የሚሠራ የካሜራ ገመድ ይጠቅማል።

ሦስተኛውና ጠንካራው ፈተና የሪቦፍላቪን ነው። 0.2 ግራም የሪቦፍላቪን ዱቄት፣ ማለትም ቪታሚን ቢ2፣ በ1 ሊትር ውሃ ያሟሙና ወተት የሚነካውን ገጽ ሁሉ በመርጫ ያርጥቡት፤ ከዚያ በየቀኑ ሊታጠብ በታሰበበት መንገድ፣ ያለ ሳሙና በውሃ ብቻ ያጥቡት። ክፍሉን አጨልመው የሐሰተኛ ብር መለያ አልትራቫዮሌት መብራት ሲያበሩ ውሃው ያልደረሰበት ቦታ ሁሉ ቢጫ አረንጓዴ ሆኖ ያበራል። የሚያበሩትን ቦታዎች በንድፉ ላይ ምልክት ያድርጉ፣ በያጁንም ጠርተው ያሳዩት። ከማንኛውም ክርክር ይልቅ ይህ ያሳምናል።

የመጀመሪያው እጥበትና ከዚያ በኋላ

አዲሱ ዕቃ ወተት ሳይነካው የፍተጋ ብናኝና ዘይት እንዲለቅ ይታጠብ። መጀመሪያ ለብ ባለ ውሃ ይለቅለቅ፣ ቀጥሎ ከ1 እስከ 2 በመቶ በሆነ ኮስቲክ ሶዳ በ70 ዲግሪ ገደማ ይታጠብና በውሃ ይለቅለቅ፣ ከዚያም በምግብ ደረጃ በተዘጋጀ አሲድ ይታጠብና እንደገና ይለቅለቅ። ለዕለት ሥራም ይኸው ቅደም ተከተል ይሠራል፤ አሲዱ ግን የግድ በየቀኑ አይደለም። የአሲዱ እጥበት በድሬዳዋ ከሌላው አገር አዘውትሮ ያስፈልጋል፤ የከተማዋ ውሃ ኖራ የበዛበት መሆኑን ማንቆርቆሪያው ሥር ነጭ ቅርፊት ያየ ነዋሪ ሁሉ ያውቀዋል፣ ያ ቅርፊት ከወተት ጋር ሲጋገር ሶዳ ብቻውን አያነሣውም። በሳምንት አንድ ጊዜ ይጀምሩና ገጹ ሲነካ የሚሻክር ከሆነ ያዘውትሩት።

ለመጨረሻው ፀረ ተሕዋስ 5 በመቶ ከሆነ በረኪና 4 ሚሊ ሊትር በ1 ሊትር ውሃ ቢቀላቀል 200 ፒ ፒ ኤም፣ ማለትም በ1 ሊትር 200 ሚሊ ግራም ያህል፣ ክሎሪን ይሰጣል፤ ከዚህ አይለፍ፣ ዕቃው ውስጥም አድሮ አይገኝ፣ ከአሲድ ጋር በፍጹም አይገናኝ፤ መርዛማ ጋዝ ያወጣልና። በፍል ውሃ ማምከን የሚመርጥ ሰው ከባሕር ወለል 1,200 ሜትር ገደማ ከፍ ባለችው ድሬዳዋ ውሃ በ96 ዲግሪ፣ በሐረር ደግሞ በ94 ዲግሪ አካባቢ እንደሚፈላ ያስታውስና ቴርሞሜትሩን 100 ዲግሪ ላይ እስኪደርስ አይጠብቅ።

ከዚህ በኋላ በዕቃው ላይ የሚደረግ ማንኛውም ለውጥ፣ ለአዲስ ቴርሞሜትር የሚበሳ ቀዳዳም ይሁን የተሰበረ እግር ብየዳ፣ የርክክቡን ፈተና እንደገና ያስነሣል። የጋስኬት ትርፍ ከዕቃው ጋር አብሮ ይገዛ፣ የተገጠመበት ቀን በመዝገብ ይጻፍ፤ የተሰነጠቀ፣ ያበጠ ወይም የደረቀ ጋስኬት ሲቀየርም አሮጌው ተመልሶ እንዳይገጠም ወዲያው በመቀስ ተቆርጦ ይጣል።